ጉል ላይ ሥራ ላገኛችሁ፦ ከመፈረማችሁ በፊት የከተማዋን አቀማመጥ እወቁ

በእንግሊዝ አገር የመኖሪያ ፈቃድ አግኝተው ሥራ የሚፈልጉ ወገኖቻችን ለንደንን፣ በርሚንግሃምን፣ ማንችስተርንና ሊድስን ያውቃሉ፤ ሥራው ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ስማቸውን ሰምተን በማናውቃቸው ትንንሽ ከተሞች ነው። በመጋዘን ሥራ ምክንያት የመጣሁባትና እስካሁን የምኖርባት ጉል ከእነዚህ አንዷ ናት። ወደዚህ ለመምጣት ያሰቡ ሰዎች ደውለው ሲጠይቁኝ የሚጀምሩት በደመወዙና በቤት ኪራዩ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የምነግራቸው ስለ ካርታው ነው። የከተማዋን አቀማመጥ ያልተረዳ ሰው፣ ሥራው ከመኖሪያው ለምን እንደራቀ፣ አውቶቡሱ ለምን ከፈረቃው ጋር እንደማይገጥምና ባቡሩ የት የት እንደሚያደርስ ሳያውቅ ውል ይፈርማል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን እንግልት ደመወዙ አይክሰውም። ስለዚህ የማውቀውን ሁሉ እዚህ አስፍሬአለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉል የምትገኘው በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሽር፣ በኡዝ ወንዝ ዳር ነው። ሕዝቧ ሃያ ሺህ ገደማ ነው። ከሰሜን ባሕር ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ የብስ ገብታ ሳለች የባሕር መርከብ የምታስተናግድ ወደብ ናት፤ በብሪታኒያ ከባሕር እጅግ የራቀ ወደብ ስትባልም ትታወቃለች። ኡዝ ወደ ምሥራቅ ወርዶ ከትሬንት ወንዝ ጋር ሲገናኝ ሃምበር የሚባለውን ሰፊ የወንዝ አፍ ይፈጥራል፤ መርከቦቹም የሚመጡት በዚያው በኩል ነው። የጋምቤላን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይከብደውም፤ በባሮ ወንዝ ከሱዳን ይመጡ የነበሩት የእንፋሎት ጀልባዎች ጋምቤላ የሚደርሱት ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ ብቻ እንደነበረ ሁሉ፣ ጉልም መርከብ የምትቀበለው የባሕሩ ሙላት ወንዙን ከፍ ሲያደርገው ነው። ልዩነቱ የጋምቤላው ሙላት በዓመት አንድ ወቅት ሲሆን የጉል ግን በየቀኑ ሁለት ጊዜ መምጣቱ ነው። ወደቡ ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ሙላቱ ከቀን ወደ ቀን ሰዓቱን እየገፋ ስለሚሄድ የመርከቡ መግቢያም አብሮ ይገፋል፤ የወደቡም ሥራ በዚያ ሰዓት ይቃኛል።

መሬቱ ዙሪያውን ጠፍጣፋ ነው። ኮረብታ የሚባል ነገር ስለሌለ ሰማዩ ሰፊ ነው፤ ነፋሱም ከልካይ የለውም። ከሩቅ ከተማዋን የሚያስታውቁት ሁለት የውኃ ማማዎች ናቸው፤ አንደኛው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጡብ የተሠራ ቀጭን፣ ሁለተኛው ከእርሱ በኋላ በኮንክሪት የተሠራ ግዙፍ ሲሆን የአገሩ ሰው ጨውና ቁንዶ በርበሬ እያለ ይጠራቸዋል። ይህ ሜዳ ዱሮ ረግረግ ነበር። በ1626 ኮርኔሊየስ ቨርሙይደን የተባለ የኔዘርላንድ መሐንዲስ በንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ ዘመን በደቡብ በኩል ያለውን ረግረግ ማጠንፈፍ ጀመረ፤ የዶን ወንዝንም ቀጥ ባለ ሰው ሠራሽ ቦይ አሳልፈው እዚሁ ጉል ላይ ኡዝ ውስጥ እንዲገባ አደረጉት። ያ ቦይ እስከ ዛሬ ደች ሪቨር ይባላል፤ ከእርሱ በስተ ደቡብ ያለው ሰፈርም ኦልድ ጉል ነው። ቤት ስትፈልጉ ይህን ልብ በሉ፤ ኦልድ ጉል ላይ የሚከራይ ሰው ወደ ገበያውና ወደ ባቡር ጣቢያው ለመሄድ ደች ሪቨርን በድልድይ ተሻግሮ በወደቡ ጎን ማለፍ አለበት።

ከተማዋ እንደ አብዛኞቹ የእንግሊዝ ከተሞች ከቤተ ክርስቲያንና ከገበያ ዙሪያ ቀስ በቀስ ያደገች አይደለችም። ኤር ኤንድ ካልደር ናቪጌሽን የተባለ የቦይ ኩባንያ ከኖቲንግሊ እስከ ኡዝ አዲስ ቦይ ቆፍሮ በ1826 ወደቡንና ከተማዋን አንድ ላይ ከፈተ። የሠራተኛ ቤት፣ ሆቴል፣ መጋዘን፣ መንገድ የኩባንያው ነበር። ከወደቡ አጠገብ ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያንም በኩባንያው ድጋፍ የታነጸ ነው። ዓላማው ከሊድስና ከዌክፊልድ አካባቢ የሚወጣውን የድንጋይ ከሰልና የፋብሪካ ምርት ወደ ባሕር ማድረስ ነበር። በዚህ ምክንያት ወደቡ ከከተማዋ ዳር የተቀመጠ አይደለም፤ ከመሐሏ ጋር የተጣበቀ ነው። በአንዳንድ ጎዳና ቆማችሁ ቀና ስትሉ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ የመርከብ ማማና የክሬን ክንድ ይታያችኋል፤ ጎዳናው ሲያልቅ ባሕሩን ልታዩ ብትጠብቁ ግን የወደብ አጥርና የእንጨት ክምር ነው።

ስለ ከሰሉ አጓጓዝ ትንሽ ልቆይበት፤ ሳየው የማልጠግበው ነገር ስለሆነ ነው። በ1860ዎቹ የኩባንያው መሐንዲስ ዊልያም ባርቶሎሜው ቶም ፑዲንግ የሚባሉ የብረት ሣጥን ጀልባዎችን ሠራ። እያንዳንዱ ሣጥን 35 ቶን ያህል ከሰል ይጭናል፤ እስከ 19 የሚደርሱ ሣጥኖች እንደ ባቡር ፉርጎ ተቀጣጥለው በአንድ ጎታች ጀልባ እየተሳቡ ጉል ይደርሳሉ። ወደቡ ላይ ያለው ማንሻ አንዱን ሣጥን ከውኃ ውስጥ መንጥቆ ሽቅብ ያወጣውና በጎኑ ገልብጦ ከሰሉን በመርከቡ ሆድ ውስጥ ያፈስሰዋል። አካፋ የሚይዝ ሰው አያስፈልግም። በ1913 ብቻ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ቶን በላይ ከሰል በዚህ መንገድ አልፏል። ከሰሉ ሲቀንስ ሥራው እየከሰመ ሄዶ በ1980ዎቹ አጋማሽ ቆመ። ከማንሻዎቹ አንዱ በቅርስነት ተመዝግቦ እስካሁን ወደቡ ላይ ቆሟል፤ ዝገቱ ቢበዛም ሣጥኑ የሚያርፍበት የብረት መደገፊያ በግልጽ ይታያል። ዛሬ ወደቡን የሚያስተዳድረው አሶሼትድ ብሪቲሽ ፖርትስ ነው፤ የሚገባውም በአብዛኛው ከስካንዲኔቪያና ከባልቲክ አገሮች የሚመጣ እንጨት፣ ብረትና በጅምላ የሚጫን ዕቃ ነው። ወደቡን ከወንዙ የሚለዩት የውኃ በሮች ስለሚወስኑት የሚገቡት መርከቦች ርዝመታቸው ከ100 ሜትር ብዙም አያልፍም።

ባቡሩ በ1848 ከዌክፊልድና ከፖንትፍራክት በኩል ደረሰ፤ ሃልንና ዶንካስተርን የሚያገናኘው መስመር ደግሞ በ1869 ተከፈተ፤ ለእርሱም ከከተማዋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በኡዝ ላይ መርከብ ሲመጣ የሚዞር ድልድይ ተሠራለት። ከኡዝ ማዶ ወዳለችው ትንሽ ከተማ ወደ ሃውደን የሚወስደው ቡዝፌሪ ድልድይም እንዲሁ የሚዞር ሲሆን በ1929 የተከፈተ ነው። የዛሬዋን ጉል የለወጣት ግን ኤም 62 የሚባለው ሞተርዌይ ነው፤ ኡዝን በከፍታ የሚሻገረው የሞተርዌይ ድልድይ በ1976 ተከፈተ። ሞተርዌዩ በስተ ምዕራብ ወደ ሊድስና ማንችስተር፣ በስተ ምሥራቅ ወደ ሃል ያደርሳል፤ ከጉል ጥቂት ምዕራብ ብሎ ደግሞ ወደ ዶንካስተርና ሸፊልድ ከሚወርደው ኤም 18 ጋር ይገናኛል። ከዚያ ወዲህ ሥራው ከውኃው ተነሥቶ ወደ መንገዱ ሄደ።

ለሥራ ፈላጊ ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው። የጉል መውጫ 36ኛው መውጫ ሲሆን ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ነው፤ ትልልቆቹ መጋዘኖችና ፋብሪካዎች የተሰበሰቡትም እርሱን ተከትለው ነው። የቴስኮ ማከፋፈያ መጋዘን አለ። በ2003 ሥራ የጀመረው የጋርዲያን የመስታወት ፋብሪካ አለ፤ አድራሻው በእነዚያ የከሰል ጀልባዎች ስም በተሰየመ መንገድ ላይ ነው። ሲመንስ ደግሞ ለለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ፒካዲሊ መስመር ከታዘዙት 94 ባቡሮች አብዛኞቹን የሚገጣጥምበትን ፋብሪካ በጥቅምት 2024 በይፋ ከፍቷል፤ ለፋብሪካው እስከ 200 ሚሊዮን ፓውንድ የሚደርስ ገንዘብና እስከ 700 የሚደርስ የሥራ ቦታ ታቅዶለት ነበር። ሃውደን ላይ ደግሞ የወጥ ቤት ቁም ሣጥን አምራቹ ሃውደንስ አለ። የሲመንሱ ሥራ እንደ መጋዘኑ በኤጀንሲ በኩል በአንድ ቀን ጥሪ የሚገባበት አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ወይም የሜካኒክ ሙያ ያላችሁ፣ ልጆቻችሁም ለሙያ ልምምድ የደረሱ፣ በድርጅቱ የራሱ የቅጥር ገጽ ላይ የሚወጣውን ማስታወቂያ ተከታተሉ። መጋዘን ውስጥ ለሚገባ ሰው ግን የፎርክሊፍት ፈቃድ መያዝ ከተራ ዕቃ ለቃሚነት ፈጥኖ ያወጣል፤ ይህን በራሴ አይቼዋለሁ።

እንግዲህ መኖሪያው ጣቢያውንና ወደቡን ተጠግቶ ነው፤ ሥራው ሞተርዌዩ ጋ ነው፤ ፈረቃው ደግሞ በአብዛኛው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ቀኑ 8፣ ከ8 እስከ ማታ 4፣ ከማታ 4 እስከ ንጋት 12 ሰዓት ነው። አውቶቡሱ የተዘረጋው ለገበያተኛና ለተማሪ ነው። አንድ ቀጣሪ ኤጀንሲ ስቀጠር አውቶቡስ በር ድረስ ይወስድሃል ብሎኝ ነበር፤ እውነት ነው፣ አውቶቡስ ነበረ፤ ነገር ግን ፈረቃው ሲጀምርም ሲያልቅም በዚያ ሰዓት የሚንቀሳቀስ አልነበረም። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት የመንገድ ፍለጋ መተግበሪያ ላይ አድራሻውን ስታስገቡ በተገለጸላችሁ ፈረቃ ሰዓት፣ አንዴ ለሥራ ቀን አንዴ ለእሑድ፣ ደርሶ መልሱን ፈትሹ። ቀን ላይ ብቻ አይቶ መንገዱ ተገኘ ማለት አይበቃም። ታክሲ አለ፤ ግን በሚያዝያ 2025 ለአዋቂ ሰው ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 12 ፓውንድ ከ21 ሳንቲም እንደነበረ አስባችሁ የደርሶ መልሱን ዋጋ ብታነጻጽሩ፣ የታክሲው ወጪ ከአንድ ሰዓት በላይ ድካም ይበላል።

በእኔ ግምት ለዚህ ከተማ የሚመጥነው ብስክሌት ነው። ዳገት የለም፤ ከመሐል ከተማ እስከ መጋዘኖቹ ያለው ርቀት አጭር ነው። የሚፈትነው ነፋሱ ነው፤ በተለይ በብርዱ ወራት ከምዕራብ ሲነፍስ ወደ ሥራ ስትሄዱ ፊት ለፊት ይገጥማችኋል፤ ስትመለሱ ይገፋችኋል፤ ስለዚህ ለመሄጃው ተጨማሪ ጊዜ ያዙ። ሌሊት የፊትና የኋላ መብራት በሕግ የግድ ነው። በከባድ መኪና በተጨናነቀው ዋና መንገድ ከመግባት ይልቅ የእግረኛና የብስክሌት መተላለፊያውን አስቀድማችሁ በቀን ተመላልሳችሁ ልመዱት። እግረኛ ከሆናችሁ ደግሞ በጨለማ የሚያንጸባርቀውን ሰደርያ የሥራ ቦታ ደርሳችሁ ሳይሆን ከቤት ስትወጡ ልበሱት።

መኪና ለመያዝ ያሰበ ሰው የሚከተለውን ይወቅ። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ በታላቋ ብሪታኒያ ነዋሪ ከሆናችሁበት ቀን ጀምሮ ለ12 ወራት ብቻ ያገለግላል፤ ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ፈቃድ ከሚለወጥላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች እንደ ማንኛውም ጀማሪ ጊዜያዊ ፈቃድ ማውጣት፣ የጽሑፍና የመንገድ ፈተና ማለፍ ግዴታ ነው። የጽሑፍ ፈተናው የሚሰጠው በእንግሊዝኛና በዌልሽ ብቻ ነው። የመንገድ ፈተና ቀጠሮ በብዙ ቦታ ወራት ስለሚያስጠብቅ፣ 12ቱ ወራት ሳያልቁ የጽሑፉን አልፎ ቀጠሮ መያዝ ይበጃል። የሥራ ባልደረባ መኪና ውስጥ ተጋርቶ መሄድም የተለመደ ነው፤ ከፖላንድና ከባልቲክ አገሮች የመጡ ብዙ ሠራተኞች እዚህ ስላሉ በፈረቃችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ፤ የነዳጅ መዋጮውን በየሳምንቱ ሳታጓድሉ ከከፈላችሁ የሚያሳፍራችሁ የለም።

ባቡሩን በተመለከተ ጉል ከመጠኗ አንጻር ጥሩ ናት፤ ግን አቅጣጫውን ማወቅ ያስፈልጋል። ኖርዘርን የሚባለው ድርጅት በሃልና በዶንካስተር መካከል ያመላልሳል፤ ወደ ዶንካስተር ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ወደ ሃልም ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ዶንካስተር ከለንደን ወደ ሰሜን የሚወጣው ዋናው መስመር ላይ ስለሆነ ከዚያ የለንደኑ ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ለመድረስ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል ይበቃል። ለንደን ጉዳይ ያላችሁ የዶንካስተር–ለንደኑን ትኬት አስቀድማችሁ ግዙና የጉል–ዶንካስተሩን ለብቻው ያዙ፤ ብዙ ጊዜ ዋጋው ይረክሳል። ትኬቱ ለአንድ ባቡር ብቻ የታሰረ ስለሆነ ግን ዶንካስተር ላይ በቂ መጠበቂያ ሰዓት ተዉ። በዕድሜ ወይም በቤተሰብ የምትገቡበት የቅናሽ ካርድ ካለ አውጡ፤ በአብዛኛው ጉዞ አንድ ሦስተኛውን ይቀንሳል። ለንደን በቀጥታ የሚሄደው ሃል ትሬንስ ደግሞ ጉል አይቆምም፤ ሃውደን ግን ይቆማል፤ የሃውደን ጣቢያም ከሃውደን ከተማ ወጣ ያለ ነው።

አስቸጋሪው ሊድስ ነው። በሞተርዌይ ቀጥታ መንገድ ሆና ሳለ በባቡር ግን ሩቅ ትሆናለች። በስኔይዝና በኖቲንግሊ በኩል ወደ ሊድስ የሚሄደው አሮጌው መስመር በቀን በጣት የሚቆጠሩ ባቡሮች ብቻ ናቸው ያሉት፤ እሑድ ጭራሹን የለም። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚኬደው በዶንካስተር ዞሮ ነው። አውቶቡስ ወደ ሃውደን፣ ወደ ሃልና ወደ ሴልቢ አቅጣጫ አለ፤ ከጥር 2025 ጀምሮ የነጠላ ጉዞ ጣሪያው 3 ፓውንድ ስለሆነ ረጅሙን መንገድ በአውቶቡስ መሄድ ጊዜ ላለው ሰው ከባቡሩ ይረክሳል።

አድራሻ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። የጉል የፖስታ ኮድ የሚጀምረው በዶንካስተር ፊደላት ነው፤ ከተማዋን የሚያስተዳድረው ግን ዋና መሥሪያ ቤቱ ቤቨርሊ የሆነው የኢስት ራይዲንግ ካውንስል ነው። የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ የካውንስል ታክስ ቅናሽና የቤት ማመልከቻ የሚሄደው ወደዚያ ነው፤ ዶንካስተር ካውንስል ብትሄዱ ይመልሷችኋል። ቤቨርሊ ድረስ ለመሄድ በሃል በኩል መዞር ስለሚያስፈልግ መጀመሪያ እዚሁ ጉል ባለው የካውንስሉ አገልግሎት ወይም በስልክ ሞክሩ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ። ጉል ሆስፒታል አላት፤ ሆኖም ትልቅ የድንገተኛ ክፍል የለውም፤ ቀጠሮም አንዳንዴ ስካንቶርፕ ይሰጣል። ስካንቶርፕ በካርታ ላይ ቅርብ ትመስላለች፤ በባቡር ግን ወደ ደቡብ ምዕራብ ወርዶ መቀየር ያስፈልጋል። የጠዋት ቀጠሮ ከተሰጣችሁ በባቡሩ እንደማትደርሱ ነግራችሁ ወደ ቀትር እንዲያዛውሩት ጠይቁ፤ ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ደግሞ የትራንስፖርት ወጪውን የሚመልስ የኤን ኤች ኤስ (የመንግሥት የጤና አገልግሎት) አሠራር ስላለ ትኬቱን አትጣሉ።

ቤት ስትመርጡ ጎርፉን አትርሱ። መሬቱ ከባሕር ጠለል ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ነው፤ ከተማዋን ከወንዙ የሚለያት ክትር ነው። በየካቲት 2020 ኤር ወንዝ ከክትሩ አልፎ በስኔይዝና በአካባቢው ያሉ ቤቶችን አጥለቅልቋል። የመንግሥትን የጎርፍ ካርታ በፖስታ ኮድ ከፍቶ ማየት ነፃ ነው፤ የማስጠንቀቂያ መልእክትም በስልካችሁ እንዲደርሳችሁ መመዝገብ ትችላላችሁ። ምድር ቤት የምትከራዩ ከሆነ የቤት ዕቃ ኢንሹራንሱ ጎርፍን መጨመሩን በጽሑፍ ጠይቁ፤ የአከራዩ ኢንሹራንስ የእናንተን ዕቃ አይሸፍንም።

የአበሻ ሱቅና ቤተ ክርስቲያን ጉል ላይ የለም። እንጀራውም ቅዳሴውም ለእኔ ሊድስ ነው። እሑድ የመጀመሪያው ባቡር ከሥራ ቀኑ ዘግይቶ ስለሚነሣ ቅዳሴ ላይ ከመጀመሪያው ለመገኘት የሚፈልግ ሰው ቅዳሜ ማታ ሄዶ ወዳጅ ዘመድ ቤት ያድራል፤ ወይም መኪና ካለው ሰው ጋር በሞተርዌዩ ይሄዳል። በፈረንጆቹ ገና በታኅሣሥ 25 ባቡር በአገሩ ሁሉ አይንቀሳቀስም፤ በማግስቱም በአብዛኛው የለም፤ በዚያን ሰሞን የፈረቃ ተረኛ ከሆናችሁ መጓጓዣችሁን ከወዲሁ ተነጋገሩ። የእኛ ገና፣ ጥር 7፣ ለአሠሪው ተራ የሥራ ቀን ስለሆነ ፈቃዱን የመጋዘኑ የበዓል ግርግር ሳይጀምር በመስከረምና በጥቅምት ጠይቁ፤ አንዴ ኅዳር ከገባ ኃላፊዎቹ ማንንም አይለቁም። ከሊድስ ወደ ጉል የሚያስመልሰው የመጨረሻ ግንኙነት የሌሊቱ ቅዳሴ ከማለቁ እጅግ ቀድሞ ስለሚሄድ የምትጠይቁት ፈቃድ በዓሉን ብቻ ሳይሆን ዋዜማውንም ይጨምር።